ከእንጦጦ ቁልቁል

«መጀመሪያ ቁም» አሉኝ ጋሼ። «ሪዶታ አስገባ። አንደኛ ማርሽ። አሁን እግርህን ከፍሬኑ አንሳ።»

ከዋሻ ሚካኤል ወደ የካ በሚወርደው ኮረኮንች ላይ ነን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ በላዩ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተነጥፎበታል። ከፊት ጎማዎቹ በኩል የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ሽታ ይመጣል። የፍሬኑ ፔዳል ጠዋት ስንነሳ ከሚይዝበት ቦታ ዝቅ ብሏል። በቁልቁለት መሃል ፍሬን ልቀቅ ሲሉት እሺ የሚል እግር የለም፤ የእኔም እምቢ አለ። ጋሼ ዝም ብለው ጠበቁ። በመጨረሻ አነሳሁ። ሞተሩ አጉረመረመ፤ መኪናው ግን አልተወረወረም። በሰው እርምጃ ልክ፣ ድንጋዩን እየረገጠ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ጭራሮ የተሸከሙ ሁለት እናቶች ከኋላችን ደርሰው በጎን አልፈውን ወረዱ።

ጋሼ የምላቸው ኮተቤ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው መካኒክ ናቸው፤ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እዚህም ጋሼ ብቻ ይሁኑ። ወደ እሳቸው የሄድሁት ዝርዝር በወረቀት ጽፌ ነው፦ ባለ 33 ኢንች ጎማ፣ የብረት ፓራውልት ከነዊንቹ፣ ሙሉ ፖርቶመጋላ፣ ስኖርክል፣ የጣሪያ ላይ መብራት። መኪናዬ ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው፤ እኛ ሃርድቶፕ የምንለው፣ ፊትም ኋላም በባሌስትራ የተቀመጠ፣ 1ኤችዜድ የተባለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር የያዘ አሮጌ ሞዴል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «የት ልትሄድበት ነው?» አሉኝ።

«የትም» አልኋቸው።

«እንግዲያው ነገ በጠዋት እዚሁ ከላያችን ዋሻ ሚካኤል ደርሰን እንምጣ። ከዚያ እናወራለን።»

ያን ጠዋት ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ እያለ ነው የገባኝ። ከጻፍሁት ዝርዝር ውስጥ መኪናውን ስለማቆም የሚናገር አንድም መስመር አልነበረም።

የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ መገናኛ ከዚያ 800 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ሰውና ዕቃ ጭኖ 2 ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ፣ ሽቅብ ሲወጣ ያከማቸው ጉልበት ሙቀት ሆኖ አንድ ቦታ መግባት አለበት። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ 65 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ያን ሁሉ ሙቀት የሚያሸክመው ጥቂት ኪሎ ለሚመዝኑ የፍሬን ብረቶች ነው። ብረቱ ሲግል የፍሬኑ ሸራ መያዝ ያቅተዋል፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ከተሻገረ ደግሞ ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመጠጣት ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ መቻል አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ዝቅ ይልለታል። የእኔ መቼ እንደተቀየረ አላስታውስም ነበር። ጋሼ ክዳኑን ከፍተው ሲያዩት ቀለሙ ሻይ መስሏል።

ሪዶታ፣ ማለትም ዝቅተኛው የፎርዊል ማርሽ፣ ለዚህ ነው የተሠራችው። ብዙ ሰው ሪዶታን ከጭቃ መውጫ አድርጎ ያስባታል፤ ከእንጦጦ ለሚወርድ ሰው ግን ዋና ሥራዋ መኪናውን በሞተሩ ማሰር ነው። ፍሬኑ ያርፋል፣ ሲፈለግ ይገኛል።

ሽቅቡ ሌላ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሆናል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያንሳል፣ ጉልበቱም እንዲሁ። 1ኤችዜድ ከፋብሪካ ሲወጣ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፤ እንጦጦ ላይ ቢበዛ 90 ቢቀረው ነው። ፓምፑ ናፍጣውን በቆላው መጠን ከረጨ፣ የሚያቃጥለው አየር ያጣው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በሽሮ ሜዳ ሽቅብ ከአሮጌ አይሱዙ ኋላ ተሰልፎ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ውሃም እዚያ ላይ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ራዲያተሩን ከመፍላት የሚያድነው ግፊቱን አምቆ የሚይዘው ክዳኑ ነው፤ የክዳኑ ላስቲክ ካረጀ ደጋ ላይ መኪናው ያለ ምክንያት የሚሞቅ ይመስላል። ጋሼ ሌላ ነገር ከመንካታቸው በፊት ያስቀየሩኝ ያን ክዳን ነው።

አሁን ወደ 33 ኢንች ጎማው እንመለስ። ከ31 ወደ 33 መሄድ ከመሬት የሚያስገኘው ተጨማሪ ከፍታ የልዩነቱን ግማሽ፣ ማለትም 2 ሴንቲሜትር ተኩል ነው። ዋጋው ግን ከዚያ ይበልጣል። ጎማው በዙሪያው 6 በመቶ ስለሚረዝም እያንዳንዱ ማርሽ በዚያ መጠን ይከብዳል፤ ከፍታው አንድ ሦስተኛውን ጉልበት ከወሰደበት ሞተር ላይ ሌላ መቀነስ ነው። ሪዶታም ቁልቁለት ላይ የመያዝ ኃይሏ ይላላል። ፍሬኑ የሚያቆመው ጎማ ይከብዳል። የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው 106 ላይ ነው። ባሕር ወለል አጠገብ የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ ላያስተውለው ይችላል። እኛ ግን የምንኖረው ጣሪያው ላይ ነው፤ ከየካ የሚነሳ መንገድ ሁሉ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል።

ስለ ከፍታ ከተነሳ፣ የራሴን ጥፋት እዚሁ ልናገር። መኪናዬ ጋሼ ዘንድ ሲደርስ ከፋብሪካው ቁመት 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ከፊት ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙትን ብረቶች በረጃጅም አስቀይሬ፣ ከኋላ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ኩብ ብረት አስገብቼ ነው ያስነሳሁት። ቆሞ ሲታይ ያምር ነበር። መንገድ ላይ ግን ከ60 ኪሎሜትር በሰዓት ሲያልፍ ወለሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የማስተላለፊያው ዘንግ ከታሰበለት በላይ ዘንበል ብሎ መዞር ነበረበትና። የፊት አክስሉ በጥቂት ዲግሪ ወደ ፊት ስለዞረ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ መመለስ ተወ። በአንድ ጉዞ ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ንፋሱ ከጎን ሲመታኝ መኪናውን በመንገዱ ውስጥ ለማቆየት ሁለት እጄን አጥብቄ ይዤ ነው የወረድሁት። ወደ ኋላ ወንበር ዘወር ብዬ የተኙትን ልጆች አየሁ። ያን ቀን የተሰማኝን አልረሳውም። የፍሬኑ ጎማ ቱቦ ደግሞ አክስሉ ሲወርድ እስከ መጨረሻው ተወጥሮ እንደነበር ያወቅሁት ጋሼ በክሪክ አንስተው በጣታቸው ሲነኩት ነው።

«ይህን አየህ?» አሉኝ። ቱቦው እንደ ክራር ጅማት ተገትሯል።

ከፍ ማድረግ ራሱ ነውር የለበትም። ለጭነቱ በተመጠነ አዲስ ባሌስትራና ከእሱ ጋር በሚሄድ አሞርዛተር 5 ሴንቲሜትር ያህል ማንሳት መኪናውን ብዙም አያዛባውም። ከዚያ በላይ ሲኬድ አንዱን ማስተካከል ሌላውን ይጠራል፤ ዘንጉ፣ የመሪው ማዕዘን፣ ቱቦው፣ የክብደቱ ሚዛን። የጫካ መንገድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎንዮሽ ነው። ሙሉ ጀሪካን የተደረደረበት ፖርቶመጋላ የተሸከመ ረጅም መኪና ወደ ጎን ሲያዘነብል ተሳፋሪው ቀድሞ ያውቀዋል።

መኪና መምረጡ ላይ ስንመጣ፣ እኛ አገር ምርጫው እንደ ሌላው ዓለም ሰፊ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ ፎርዊል የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው ዓይኑን የሚጥለው አገር ውስጥ ባለው ላይ ነው፤ የአንድ አሮጌ ሃርድቶፕ ዋጋ የሰማ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ሰባዎቹ የሚባሉት ላንድክሩዘሮች እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ መሠረታቸውን ሳይለቁ እየተሠሩ ነው። ድፍን አክስልና ወፍራም ሻንሲ አላቸው፤ 1ኤችዜድ ደግሞ ናፍጣውን የሚረጨው በሜካኒካል ፓምፕ ስለሆነ ኮምፒውተር የለም ብሎ መንገድ ላይ የሚቀር መኪና አይደለም። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ይገኛል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኔ ከሁሉ ይከብዳል። ጂንካ ላይ ተሰብሮ በሁለተኛው ቀን የሚጠገን መኪና፣ ሦስት ሳምንት ዕቃ ከሚጠብቅ ዘመናይ መኪና ይሻላል።

ሁሉም ሰው ግን ሃርድቶፕ አያስፈልገውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወጥቶ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ቡና ጠጥቶ ለሚመለስ ሰው 1,100 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው ሱዙኪ ጂምኒ ትበልጥበታለች። ጭቃው ላይ ትንሳፈፋለች፣ ጠባብ መንገድ ትዞራለች፣ ስትወርድም ፍሬኗ የሚሸከመው ግማሽ ነው። ጠጠር መንገድ ላይ ረጅም ርቀት ጭነት ለሚያመላልስ ሃይሉክስ ይቀላል፤ የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ሰው አያደክምም። ያው ነገር ግን ትልቅ ድንጋይ ላይ ጎድሎበት ይታያል፤ አንዱ ጎማ ሲነሳ ሌላው እንደ ድፍን አክስሉ መሬት ተጭኖ አይዝም።

የኤሌክትሪኩን ነገር ከልቤ የምከታተለው ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ እንጦጦ ጫፍ ላይም መገናኛ ላይም ጉልበቱ ያው ነው። ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ያንን የ65 ሊትር ውሃ ማፍያ ጉልበት በከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ለዚህች ከተማ ተራራዎች የተፈጠረ ይመስላል። ችግሩ አሁን በብዛት የምናያቸው ሆዳቸው ለመሬት የቀረበ፣ ባትሪያቸው ወለሉ ሥር የተነጠፈ የከተማ መኪኖች መሆናቸው ነው፤ የዋሻ ሚካኤልን ድንጋይ ባትሪ ላይ መሞከር አልመክርም። ከከተማ ርቆ ቻርጅ ማድረጊያ ማግኘቱም ገና ነው።

ወደዚህ ከተማ መኪና የገባበትን ታሪክ ሳስብ፣ ለዚህ መሬት ምን ዓይነት መኪና ይሆናል የሚለው ጥያቄ የዛሬ እንዳልሆነ ይገባኛል። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ ሲድሌይ መኪና ከጅቡቲ አንስቶ፣ ከወራት ጉዞ በኋላ ለአፄ ምኒልክ አዲስ አበባ አደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ከእንጦጦ ወርደው ከተማቸውን ከታች ከቆረቆሩ ያኔ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር። ለእንግሊዝ አገር መንገድ የተሠራ መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጣ። ያ መንገድ ዛሬም ያው መንገድ ነው። ከኮተቤ ተነስቶ በአንድ ቀን ተኩል ከባሕር ወለል በታች የሚደርስ ሰው፣ አንድ መኪና ይዞ ሁለት ሦስት አገር ነው የሚነዳው።

መሬቶቹ አይመሳሰሉም። ደጋው ላይ፣ ክረምት ላይ ጠላቱ መረሬ ነው። ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ የጎማውን ጥርስ ሁሉ ሞልቶ ጎማውን ድቡልቡል ኳስ ያደርገዋል። እዚያ የሚሠራው ጥርሱ ሰፊና ጥልቅ የሆነ፣ ጭቃውን እየተፋ የሚዞር ጠባብ ጎማ ነው፤ ለስላሳውን ሰንጥቆ ከሥሩ ያለውን ጠንካራ ነገር ይፈልጋል። የድሮዎቹ ሃርድቶፖች 7.50-16 ጎማ ለዚህ ጥሩ ነበር፤ ዛሬ ሰፊ ጎማ የሚያምረው ሰው ቢያስብበት እላለሁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፀሐይ እስኪወጣ መጠበቅ ነው፤ መረሬ ከፀሐይ ጋር ብዙ አይከራከርም።

ወንዝ መሻገር ለሚያስብ፣ ከስኖርክል በፊት ማንም የማያያት አንዲት ቀጭን ቱቦ አለች። ዲፈረንሻሉ ሲሠራ ይግላል፤ ውስጡ ያለው አየር ማስተንፈሻ ቀዳዳ አለው። የጋለው ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በድንገት ሲገባ አየሩ ይኮማተርና በዚያው ቀዳዳ ውሃ ይስባል። ዘይቱ ወተት ይሆናል፤ ከሺህ ኪሎሜትር በኋላ ኩሽኔታው ይጮኻል፣ ባለቤቱም ወንዙን ረስቶታል። መፍትሔው ቀዳዳውን በላስቲክ ቱቦ አስረዝሞ ኮፈኑ ሥር ማድረስ ነው። ጋሼ ለአራቱም ማስተንፈሻዎች ሠሩልኝ፤ ለሁለቱ ዲፈረንሻሎች፣ ለካምቢዮውና ለሪዶታው። ግማሽ ቀን ፈጀ። በውጭ በኩል መኪናው ላይ ምንም አዲስ ነገር አይታይም።

ባሌ ሌላ ነው። ሳነቴ አምባ ላይ ተነድቶ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ ይወጣል፤ አየሩ እዚያ በባሕር ወለል ካለው ስድሳ በመቶ አይሞላም። ጠዋት ላይ ሞተር ለማስነሳት ጤነኛ ባትሪና ማሞቂያ ካንዴላ ከየትኛውም ጌጥ ይበልጣል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እንጦጦ ውሃን የሚከፍል ተራራ ነው፤ በደቡብ በኩል የወረደው ወደ አቃቂና ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ በሰሜን የወረደው ወደ ሙገርና ወደ አባይ። ክረምት ላይ ከመንገድ ወጥቶ ሳሩን ቀድዶ የሄደ አንድ ጎማ የተወው መስመር፣ በሚቀጥለው ዝናብ ቦይ ይሆናል። በአንድ ክረምት ውስጥ ጉልበት የሚያሰጥም ቦይ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አፈሩ ሁሉ ታች ሰፈሮቹ ድረስ ታጥቦ ወርዷል። ችሎታ ያለው መኪና ስላለን በጫካው ላይ መብት አለን ብለን የምናስብ ሰዎች አለን። የለንም። መንገዱ ካበቃ በእግር መውጣት ይቻላል፤ ዋሻ ሚካኤልን ሲሳለሙ የኖሩት ምእመናን እንዲያ ነው የወጡት።

ጋሼ ሥራውን በአሥራ አንድ ቀን ጨረሱ። ኩብ ብረቶቹ ወጡ፤ ረጃጅሞቹ መያዣዎች ወጡ። አዲስ ባሌስትራ ገባ፣ መኪናው 5 ሴንቲሜትር ብቻ ከፍ አለ። የፍሬኑ ዘይት፣ ሸራውና ቱቦዎቹ ተቀየሩ። ጎማው በ31 ቀረ። ፖርቶመጋላው ላይ ተከራከርን፤ በመጨረሻ ግማሽ ሆነ፣ ከበድ ያለ ነገር እንዳይጫንበት ቃል አስገቡኝ። ሁለቱ የነዳጅ ጋኖች ሲሞሉ የሚይዙት 180 ሊትር ናፍጣ ብቻውን 150 ኪሎ እንደሚመዝን፣ የብረት ፓራውልትና ዊንች ተደምረው ከመቶ ኪሎ የማይርቅ ክብደት ፊት ባሌስትራው ላይ እንደሚጭኑ ያሰሉልኝም እሳቸው ናቸው። ዊንቹ ቀረ። በምትኩ ጠንካራ መጎተቻ ገመድ፣ ሁለት ታኮ፣ ክሪኩ ለስላሳ መሬት ላይ እንዳይሰምጥ የሚያስቀምጡበት የወይራ ጣውላ፣ የጎማ ግፊት መለኪያና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ሰጡኝ። ሊብሬው ላይ ያለው መረጃና መኪናው አንድ ሆነው ቀሩ፤ ለዓመታዊ ምርመራው ሐሳብ የለብኝም።

ታኅሣሥ ላይ ወደ አፍዴራ ተነሳሁ። ሲነጋጋ ላምበረት አንድ ጎሚስታ ዘንድ ቆሜ አራቱንም ጎማ 35 ፒኤስአይ አስሞላሁ፤ ብርዱ 10 ዲግሪ ገደማ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ጋሼን «ቆላ ስወርድ ጎማው ስንት ይሆናል?» ብያቸው ነበር። «ከፍታው ይወስዳል፣ ሙቀቱ ይመልሳል» ብለው ዘጉልኝ። ቤት ገብቼ በወረቀት አሰላሁት። በአዋሽና በሚሌ በኩል ከባሕር ወለል በታች ስወርድ ውጭ ያለው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ወደ 4 ፒኤስአይ ይቀንሳል፤ የአፋር ሙቀት ጎማ ውስጥ ያለውን አየር ስለሚያሰፋው ያንኑ ያህል ይመልሳል።

በማግስቱ አፍዴራ ሐይቅ አጠገብ፣ መኪናው በጥላ ውስጥ እስኪበርድ ጠብቄ፣ 32 ዲግሪ ላይ መለኪያውን ጎማው ላይ አደረግሁት። ሥልኬ ኔትወርክ ይዞ ነበር፤ ደወልሁላቸው።

«ስንት አለ?» አሉኝ።

«ሠላሳ አራት ተኩል።»

ከወዲያ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። «በል» አሉ ጋሼ፣ «አሸዋው ፊትህ ነው። አሥራ ስምንት እስኪሆን አስተንፍሰው። መሪውን በኃይል አትጠምዝዝ፣ ጎማው ከቸርኬው ይወጣብሃል። አስፋልት ላይ ስትመለስ ደግሞ ሳትነፋ እንዳትነሳ።»

ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ክዳን ፈታሁ።